ልጄ ሙዚቃ ልማር አለ፦ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ክረምት ሲቃረብ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ትምህርት ሊዘጋ ነው፣ ልጆቹ ቤት ሊውሉ ነው፣ ወላጅ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። «አንቺ ልጆችሽን ሙዚቃ ታስተምሪያለሽ አይደል? እስቲ ንገሪኝ» ይጀመራል። የሙዚቃ መምህር አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ልጆች የማሳድግ፣ ቅዳሜዬን ትምህርታቸው እስኪያልቅ በር ላይ ቁጭ ብዬ የማሳልፍ እናት ነኝ። በር ላይ ሲጠበቅ ግን ብዙ ነገር ይሰማል። ከሌሎች ወላጆችና ከመምህራን የቃረምኩትን፣ ቤቴም ያየሁትን ጨምሬ ለተለመዱት ጥያቄዎች መልስ ጽፌያለሁ።

ልጅ በስንት ዓመቱ ቢጀምር ጥሩ ነው?

ለኪቦርድ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ደህና ነው። ከዕድሜው ይልቅ ሌላውን እዩ። አሥር ደቂቃ አንድ ቦታ መቀመጥ ይችላል? ግራና ቀኙን ይለያል? የተባለውን ሰምቶ ይሞክራል? ከቻለ ይጀምር። ከዚያ በታች ላለ ሕፃን መዝሙር፣ ጭብጨባና እስክስታ በቂው ነው። ለአራት ዓመት ልጅ በሰዓት ሂሳብ መምህር መቅጠር እኔ በበኩሌ አይዋጥልኝም።

ክራርና ጊታር የጣት ጉልበት ይፈልጋሉ። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ላይ ይቀላሉ። በገና ደግሞ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ልጅ ከኋላው ይደበቃል። «የእኔ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላው፣ አልፎበታል» የምትሉ ደግሞ አታስቡ። የበገናው ሊቅ ዓለሙ አጋ የጀመሩት በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ የበገና መምህር ጎረቤት ሆነው መጡና በዚያው ተያዙ። መልካም ጎረቤት መታደል ነው።

የትኛውን መሣሪያ ይማር?

መጀመሪያ ልጁን ጠይቁት። ምን እንዳለ ካላወቀ አሰሙት፤ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ልጅ ሊመርጥ አይችልም። ከዚያ በኋላ ቤታችሁን፣ ኪሳችሁንና ጎረቤታችሁን አስቡ።

ኪቦርድ ለጀማሪ ምቹ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ትክክለኛው ድምፅ ይወጣል። ልጁ በመጀመሪያው ቀን የሆነች ነገር ተጫውቶ ይወጣል። ቫዮሊን እንዲህ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ለቤተሰቡ የትዕግሥት ፈተና ናቸው። ደግሞም ቫዮሊን በልጅ ቁመት ነው የሚገዛው፦ ከ1/16 ጀምሮ 1/8፣ 1/4፣ 1/2፣ 3/4 እያለ ሙሉው ድረስ ይሄዳል። ልጁ ሲያድግ መሣሪያውም ይቀየራል። አሮጌውን የሚገዛችሁ ሰው ከወዲሁ ብታውቁ ጥሩ ነው። ጊታርም 1/2 እና 3/4 አለው፤ ለልጅ ጣት የናይለን ክር ያለውን ምረጡ። የብረቱ ክር ጣት ያቆስላል፤ ብዙ ልጅ ጊታር የሚተወው በዚያ ሰበብ ነው።

ዋሽንት ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። አራት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ግን ድምፅ እስኪወጣ ድረስ ልጁ ለቀናት ትንፋሹን ብቻ ሊሰማ ይችላል። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር መሆኑ አያታላችሁ። አንድ ክር ላይ ሁሉንም ድምፅ በጣት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ጆሮ ያለው ልጅ ግን ይወደዋል። ድራም የምትገዙ ካላችሁ ጊቢያችሁ ሰፊ ነው ብዬ አስባለሁ።

ክራሩን ለብቻው ከታች አነሳዋለሁ፤ ያለ አግባብ ተረስቷል።

ፒያኖ የለንም። ኪቦርድ ይበቃል?

ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት በደንብ ይበቃል። ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው። ለጀማሪ 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ በቂ ነው። ከዚያ ያነሰው መጫወቻ ነው፤ ልጁ ቶሎ ያልቅበታል። ስትገዙ አንድ ነገር ሞክሩ፦ አንዱን ቁልፍ ቀስ ብላችሁ ንኩት፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ሁለቱም እኩል ከጮኹ ተዉት። የጣቱን ልክ የማይሰማ ኪቦርድ ላይ የተማረ ልጅ ፒያኖ ፊት ሲቀርብ ይደነግጣል።

ሌላው የመብራት ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርዶች በባትሪ ድንጋይም ይሠራሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ከጀርባው ያለውን የባትሪ ቤት እዩ። መብራት ጠፍቶ ቴሌቪዥኑም ዋይፋዩም ሲሞት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ያለበት ቤት ልምምድ ያለ ጭቅጭቅ ይካሄዳል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን አደራ ንገሩት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ቻርጀሩ ወይም አዳፕተሩ ላይ በትንንሽ ጽሑፍ «100-240» የሚል ካለ ሰላም ነው፣ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ በቂ ነው። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን እዚህ ስትሰኩት ጭስ ይወጣል። እዚሁ ለ220 የሚሆን፣ የሚያወጣው ቮልትና የጫፉ ዋልታ (ፕላስና ማይነሱ) ከኪቦርዱ ጋር የሚገጥም አዳፕተር ግዙ። ዕቃውን ስንቱ ሰው 23 ኪሎ ሻንጣው ላይ ቦታ ፈልጎ ያመጣዋል፣ ከዚያ በአንድ ሰከንድ ይቃጠላል።

ደግሞ አንድ የቤት ውስጥ ጨዋታ ልንገራችሁ። ኖታ ገና ያልጀመረ ልጅ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ እንዲነካ አድርጉት። ነጮቹን አይንካ። ጥቁሮቹ በቡድን ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው የተደረደሩ ናቸው፤ ባንድ ላይ አምስት ድምፅ ይሆናሉ። ሦስት ካሉበት ቡድን ከመጀመሪያው ተነስቶ ወደ ቀኝ ቢሄድ የሚሰማው የትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው። ምንም ቢነካ አይበላሽም። ትንሹ ልጄ ይህን ያወቀ ዕለት ሙዚቀኛ ሆኛለሁ ብሎ እራት አልበላም አለ።

ክራር ለልጅ አይከብድም?

አይከብድም። እንዲያውም ለምን ብዙ ወላጅ እንደማያስበው ይገርመኛል። ቀላል ነው፣ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ መብራት አይፈልግም፣ ከደህና ኪቦርድ በዋጋም ያንሳል። ክሩ አምስት ወይም ስድስት ነው። ስድስት ከሆነ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ስለዚህ ልጁ የሚለምደው በመሠረቱ አምስት ድምፅ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ አራቱ ቅኝቶች እዚያ ውስጥ አሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ግን ክሩ እንደገና መቃኘት አለበት።

ችግሩም እዚያ ላይ ነው። መቃኘት። በድሮው ክራር ክሩ ቀንበሩ ላይ ከጨርቅ ጋር ተጠምጥሞ ይታሰራል። ለማጥበቅ ጨርቁን በመዳፍ ጨብጦ ከነክሩ ማዞር ያስፈልጋል። ትንሽ ከላላ ይንሸራተታል፣ ትንሽ ከተወጠረ ይበጠሳል። የልጅ እጅ አይችለውም፤ የእኔም አይችለውም። ስለዚህ ለልጅ ስትገዙ እንደ ጊታር የሚዞር መቃኛ ያለውን ፈልጉ። ስልካችሁ ላይ ነፃ ቱነር (ክሩ ልክ መቃኘቱን የሚያሳይ መተግበሪያ) ጫኑ። መምህሩ በቃኘው ቀን እያንዳንዱን ክር በየተራ አስመትታችሁ በስልክ ቅዱ። በሳምንቱ መሀል ክሩ ሲወርድ ከቅጂው ጋር እያመሳከራችሁ ትመልሱታላችሁ።

ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ድምፁ ይደፈናል። ደረቅ ቦታ ስቀሉት። ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ ከሰል አጠገብ አታስጠጉት፣ ቆዳው ይሰነጠቃል።

ሴት ልጄ በገና መማር ፈለገች። ይሆናል?

ለምን አይሆንም? በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው በገና የሚደረድሩ ሴቶች ልጆች ሞልተዋል። ባለ አሥር ክር ነው። የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ መሆኑን ከወዲሁ አስረዷት፤ ለልደት ኬክ ሲቆረስ አውጪውና ምቺ አይባልም። ጥያቄው የሚበዛው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው፤ ቦታ የምትፈልጉ ከጾሙ በፊት ተመዝገቡ።

መምህር ከየት ይገኛል? ቤት ይምጣ ወይስ እኛ እንሂድ?

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹና ምሩቃኑ በግል ያስተምራሉ። ጠያይቁ። የእምነት ቤቶችንም አትርሱ። ከተማችን ውስጥ ኪቦርድና ጊታር ከሚጫወቱት ስንቶቹ ጣታቸውን ያፍታቱት በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኳየር ውስጥ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ደግሞ ከበሮና ጸናጽል ይዞ ያደገ ስለሆነ ምቱን ገና ሳይማር ያውቀዋል። መንዙማ እየሰማ ከድቤ ጋር ያደገም እንዲሁ።

ቤት የሚመጣ መምህር ከትራንስፖርት ይገላግላል። ግን ለዚያች ሰዓት ሳሎኑ ጸጥ ማለት አለበት። ቡና እየተፈላ፣ ቴሌቪዥን እየጮኸ፣ ትንሹ ልጅ በብስክሌት እየዞረ አይሆንም። መሄድ ከመረጣችሁ ደግሞ ርቀቱን ቅዳሜ ሳይሆን በሥራ ቀን አመሻሽ ለኩት። ቅዳሜ አሥራ አምስት ደቂቃ የነበረው መንገድ ረቡዕ ላይ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ የሙከራ ክፍለ ጊዜ ጠይቁ። ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ማን ነው አብዛኛውን ሰዓት የሚጫወተው? መምህሩ ከሆነ ኮንሰርት ገብታችኋል ማለት ነው። ልጁ ከሆነ ጥሩ። ሲሳሳት መምህሩ ምን ይለዋል? እሱንም ስሙ። ኖታ ብቻ ወይም በጆሮ ብቻ ከሚል መምህር ይልቅ ሁለቱንም የሚያስነካውን እመርጣለሁ።

ክፍያ በወር በወር ይሁን። አንድ ቦታ የሦስት ወር አስቀድመን ከፍለን መምህሩ ሲጠፋ «ተተኪ እየፈለግን ነው» እየተባልን የከረምንበት ጊዜ አለ። ልጁ ሲታመም፣ መምህሩ ሲቀር፣ በዓል ሲውል ሂሳቡ እንዴት እንደሚሆን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኋላ ከመቀያየም አሁን ማፈር ይሻላል።

አንድ የማልደራደርበት ነገር፦ ልጅ ከመምህር ጋር ለብቻው በተዘጋ ክፍል አይቀመጥም። በሩ ክፍት ይሁን፣ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር። ጥሩ መምህር በዚህ አይከፋም፣ እንዲያውም ራሱ ይጠይቃል።

ልጄ ትምህርቱን ይወዳል። ልምምድ ሲባል ግን ይጠፋብኛል።

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍም እዚህ ነው። መምህሩ በሳምንት አንድ ሰዓት ነው ያለው። የቀሩት ስድስት ቀናት የእናንተ ናቸው። ልጅ የሚቀጥለውም የሚያቆመውም ሳሎን ውስጥ ነው እንጂ መምህሩ ጋ አይደለም።

ሰዓቱን ቁረጡት። «ስትችል ተለማመድ» ማለት «አትለማመድ» ማለት ነው። እኛ ቤት ሰርቪሱ አሥር ሰዓት ላይ ያወርዳቸዋል። መክሰስ ይበላል፣ ዩኒፎርም ይወልቃል፣ ከዚያ የቤት ሥራ ደብተር ሳይወጣ ትልቋ ኪቦርዱ ጋ ትሄዳለች። አሥራ አምስት ደቂቃ። ከቤት ሥራ በኋላ ቢሆን አይታሰብም፤ ያኔ ልጅ ደክሟል፣ እናትም ትዕግሥቷ አልቋል።

አጠገባቸው ቁሙ እንጂ አትጫኗቸው። ሙዚቃ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው የምሰማው። ጆሮ ከሰጣችሁ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ፦ ልጆች ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚሰናከሉት። ሲሰናከሉም ወደ መጀመሪያው ተመልሰው እንደገና ይሮጣሉ፣ እዚያችው ቦታ ደርሰው እንደገና ይወድቃሉ። አሥር ጊዜ ተጫወትኩ ትላለች፤ የምትችለውን ነው አሥር ጊዜ የተጫወተችው። ያን ጊዜ ከወጥ ቤት ሆኜ «ያቺን ቦታ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ» እላለሁ። አራት ድምፅ ብቻ። ሦስት ጊዜ ሳትስት ካለፈቻት ከፊቷ ካለው ጋር ታያይዘዋለች። ይህን ዘዴ አንድ መምህር ነግሮኝ ነው፤ ለሒሳብም ሠርቶልኛል።

ልምምድን ቅጣት አታድርጉት። «ወንድምህን ስለመታህ ሠላሳ ደቂቃ ክራር!» የተባለ ልጅ ክራር ሲያይ ምን እንደሚታየው አስቡት። ሽልማትም ልክ ይኑረው። ተለጣፊ ኮከብ ለመጀመሪያው ወር ይሠራል፣ ከዚያ ዋጋው ይረክሳል።

ደግሞ ለእግዚአብሔር ብላችሁ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ነይ እስቲ ለእትዬ ተጫወችላቸው» አትበሉ። ራሷ ስትፈልግ ትጫወታለች። የቅዱስ ያሬድን ትል ታሪክም፣ ዛፍ ለመውጣት እየወደቀች በሰባተኛው የተሳካላትን፣ አንድ ጊዜ መንገር ይበቃል። በሰነፈ ቁጥር ስትነግሩት ልጁ ትሏን ይጠላታል።

ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ጎረቤትስ?

ለኪቦርድ የጆሮ ማዳመጫ አለ። ለክራርና ለጊታር ብዙም አያሳስብም። ለቫዮሊንና ለዋሽንት ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶች ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ሰዓቱን ንገሯቸው፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ እንደማይሰማ ቃል ግቡ። ሰው የሚናደደው በድምፁ ሳይሆን መቼ እንደሚያበቃ ባለማወቁ ነው። ጡረተኛ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ሳታስቡት ታዳሚ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ሰልችቶኛል፣ ላቁም ይላል። ልተወው?

የሰለቸው ምኑን እንደሆነ ለዩ። መምህሩን ነው? መሣሪያውን ነው? ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞቹ ኳስ ሲጫወቱ መቅረቱን ነው? የመጨረሻው ከሆነ ቀኑን ቀይሩ፣ አበቃ።

ከዚያ ውጭ እኛ ቤት ያለው ሕግ ይህ ነው፦ የጀመሩትን የትምህርት መንፈቅ ይጨርሳሉ። ካለቀ በኋላ ማቆም ይቻላል፣ አልቆጣም። መሀል ላይ ግን አይቻልም። ልጅ ማቆም ከሚፈልግባቸው ቀናት ግማሹ የከበደ ዘፈን የተሰጠበት ሳምንት ነው። ሲያልፍለት ይረሳዋል። በየሳምንቱ እያለቀሰ የሚሄድ ልጅን ግን ሕግ ነው ብሎ መጎተት አያስፈልግም። ያኔ አቁሙ።

በየወሩ አዲስ ነገር ያምረዋል። ቴኳንዶ፣ ስኬት (ባለ ጎማው ጫማ)፣ ቼዝ፣ ኮዲንግ... ምን ላድርግ?

የእኔ ትንሹ ልጅ ነው ይሄ። ሰኞ ቴኳንዶ፣ ሐሙስ ሥዕል፣ ቅዳሜ ሰርከስ አይቶ መጥቶ ሶፋ ላይ መገለባበጥ። ይህ ጉድለት አይደለም። ልጅ የሚወደውን የሚያገኘው እየቀማመሰ ነው። ችግሩ እያንዳንዱ ቅምሻ ምዝገባ፣ ልብስና ዕቃ ሲያስወጣ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በነፃ ወይም በውሰት ይሞከራል። ስኬት አማረው? በ«መንገድ ለሰው» ቀን መኪና የተዘጋበት ጎዳና ላይ ልጆች ሲነዱ ወስዳችሁ አሳዩት፣ ከጓደኛ ጫማ ተውሶ ሁለት ሦስቴ ይውደቅ። ከወደቀ በኋላም ከፈለገ ያኔ እንነጋገራለን። ቼዝ ሰሌዳ ርካሽ ነው፤ ገበጣ ደግሞ መሬት ቆፍሮም ይጫወታል። ማንበብ የያዘውን ልጅ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውሰዱት፤ እናንተም ትንሽ ታርፋላችሁ።

ቴኳንዶ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ወርኃዊው ክፍያ ቀላል ይመስላል። ልብሱ አለ፣ መከላከያው አለ፣ ከዚያ ቀበቶ በተቀየረ ቁጥር የፈተና ክፍያ አለ። ከመመዝገባችሁ በፊት «እስከ ሰኔ ጠቅላላ ስንት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ለሙዚቃም ይሠራል፦ ክር፣ መጽሐፍ፣ ታክሲ፣ የዝግጅት ቀን ቲሸርት።

ባንድ ጊዜ ስንት? እኔ አንድ የሚከፈልበት፣ አንድ የማይከፈልበት እላለሁ። ልጅ ደግሞ ምንም የማይሠራበት ከሰዓት በኋላ ያስፈልገዋል። ሰልችቶት ካርቶን እየቆረጠ የሚሠራት መኪና ከየትኛውም ኮርስ አታንስም።

እናቴ «ልጄን አዝማሪ ልታደርጊው ነው?» ትለኛለች። ምን ልመልስ?

አትሳቁባቸው። ያደጉበት ዘመን እንደዚያ ነበር። አዝማሪ ለሠርጉም ለግብሩም ይፈለጋል፤ ልጅህን ለአዝማሪ ዳር ቢባል ግን አባት ይደነግጣል። ክራርም ለዓለማዊ ዘፈን ስለሚውል በብዙ ቤት በክፉ ይታይ ነበር። በገና የሚደረድር ግን ይከበራል። ስለዚህ እማማ የሚፈሩት ሙዚቃውን ሳይሆን ስሙን ነው።

እኔ ከመከራከር ይልቅ ሰዎቹን አነሳለሁ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ልጅ ናቸው፤ በ1916 ዓ.ም. ተወልደው ገና በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ጋር ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፣ እዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ጀመሩ። ኋላ መነኮሱ። ምንኩስናውም ፒያኖውም አብረዋቸው ኖረው በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። እማማ ይህን ሲሰሙ ድምፃቸው ይለዝባል። ቪዲዮም ካለ አሳዩአቸው፤ መነኩሲት ፒያኖ ሲጫወቱ አይተው የሚቆጡ አያት አላጋጠሙኝም።

«ተምሮ ምን ይበላል?» ለሚሉ አባቶች ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ አለ። ጅማ የተወለደው ሙላቱ ዌልስ የተላከው ምህንድስና ሊማር ነበር። ሙዚቃ ላይ አረፈ፤ ለንደን ተምሮ ቦስተን በርክሊ ሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፣ ኢትዮ ጃዝን ይዞ ተመለሰ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ከመቶ ልጅ አንዱም ሙላቱ ላይሆን ይችላል። ዓለሙ አጋ ራሳቸው ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦግራፊ ነው። ልጁ መሐንዲስ ሆኖ ማታ ክራር ቢደረድር ምን ይጎድላል?

ትምህርቱን አይጎዳበትም? ወይስ ጎበዝ ያደርገዋል?

በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ማንንም አይጎዳም። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ለጥቂት ሳምንት ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ጨርሶ ማቆም ግን መመለሻው ይከብዳል።

ጎበዝ ያደርገዋል የሚለውን ግን በልክ ያዙት። «ሞዛርት የሰማ ልጅ አእምሮው ይስላል» የሚባለው ወሬ የመጣው በ1993 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ ከወጣ አጭር ጥናት ነው። የተጠኑት ሕፃናት ሳይሆኑ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። አሥር ደቂቃ ሰምተው የቅርጽ ጥያቄዎችን ትንሽ ተሻሽለው ሠሩ፣ ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥም ጠፋ። ሙዚቃን ለሒሳብ ብላችሁ አታስተምሩ። ለሒሳብ አስጠኚ አለ።

ዩቲዩብ ብቻ አይበቃም?

ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ለሆነና ራሱ ለሚፈልግ ልጅ ብዙ ያስኬዳል። ለትንንሾቹ አይበቃም። ቪዲዮ የእጅ አያያዝን አያርምም፤ የተበላሸ አያያዝ ደግሞ ኋላ ለማቃናት ጊዜ ይወስዳል። ደግሞም ስልኩን ለክራር ብሎ ይወስደውና ከሩብ ሰዓት በኋላ ስታዩት የመኪና እሽቅድምድም ላይ ነው።

ውጭ ነው የምንኖረው። ልጆቼ የእኛን ሙዚቃ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

ያላችሁበትን አገር ዕድል ቀድማችሁ ተጠቀሙ። አሜሪካ ብዙ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አራተኛና አምስተኛ ክፍል አካባቢ ባንድና ኦርኬስትራ ይጀምራሉ፣ መሣሪያም በኪራይ ይገኛል። ስዊድን ማዘጋጃ ቤቶች የሚያስተዳድሯቸው የሙዚቃና የባህል ትምህርት ቤቶች አሏት። እዚያ ኖታና ዲሲፕሊን ያገኛል።

ክራሩን ወይም ማሲንቆውን በኢንተርኔት ከአገር ቤት መምህር ጋር መማር ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ በቪዲዮ ጥሪ ሁለት ሰው አብሮ መጫወት አይችልም፣ ድምፁ ይዘገያል። መምህሩ ይጫወታል፣ ልጁ ተቀብሎ ይመልሳል። የሰዓት ልዩነቱንም አስቡበት። ዋሽንግተን ላሉት ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን እዚህ አመሻሽ ነው፤ ለሁለቱም ይመቻል።

የዝግጅት ቀን መድረክ ላይ ብትደነግጥስ?

ትደነግጣለች። ከመድረኩ በፊት በነበሩት ቀናት ቤት ውስጥ ለሁለት ሦስት ሰው እንድትጫወት ጠይቋት፤ ጫማዋንና ቀሚሷንም ለብሳ። መሀል ላይ ብትስት ከየት እንደምትቀጥል ሁለት «መያዣ» ቦታ አስቀድማ ታውቅ፣ ወደ መጀመሪያው እንዳትመለስ። እናንተ ደግሞ ፊት ለፊት ቆማችሁ በስልክ አትቅረጹ። ልጅ ዓይኗ የሚፈልገው የእናቷን ፊት ነው፣ የስልኩን ጀርባ አይደለም። የሚቀርጽ ዘመድ አይጠፋም።

ትንሹ ልጅ የክራሩን ቆዳ ቀደደው። ይጠገናል?

ይጠገናል። አዲስ አትግዙ። ክራር የሚሠሩ ሰዎች ቆዳውን አንስተው ሌላ ይወጥሩበታል፤ ቀንበሩና ገበቴው ደህና እስከሆነ ድረስ መሣሪያው ያው ነው። የገዛችሁበትን ሱቅ ማን እንደሚሠራላቸው ጠይቁ። አዲሱ ቆዳ በደንብ እስኪደርቅ ታገሡ። ክሩም አብሮ ከተቀየረ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በየሰዓቱ ይወርዳል፣ ተበላሽቶ ሳይሆን እየተሳበ ነው። በቀን ሁለቴ እየቃኛችሁ ጠብቁት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር ከትንሹ ልጅ ቁመት በላይ ከፍ አድርጋችሁ ምቱት።